ስለ ምግብ ፋብሪካዎችና ስለ ጥራት ባለሙያዎቻቸው ያለን አቋም

የተከበራችሁ የብርብር፣ የአርባ ምንጭና የአካባቢው ከተሞች መራጮች፤

የምዕራብ ዓባያ ገበሬ ያመረተው ሙዝ በጥሬው ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። እዚያ በተዘጋ ክፍል፣ አንዳንዴም በነጭ ጋዝ ጭስ ታፍኖ ይበስላል። ማንጎውም በምርት ወቅት ገዢ እያጣ ይበላሻል። መፍትሔው ምርቱን እዚሁ ማቀነባበር ነው በሚለው ሁላችንም እንስማማለን። እኛ ግን አንድ ጥያቄ እናስቀድማለን፤ ከፋብሪካው የሚወጣውን ምግብ «ለሰው ይሆናል፣ አይሆንም» ብሎ የሚወስነው ማነው?

ጥያቄው ቀላል አይደለም። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በዓይን አይታይም፤ ወተት በማፍላትም አይጠፋም። በ2008 ዓ.ም በታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና አካባቢዋ ከተወሰዱ 110 የወተት ናሙናዎች መካከል የአውሮፓ ኅብረትን ገደብ ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። ለዚህም በዋናነት የተጠቀሰው ለላሞች የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ ነው። እንዲህ ያለ ወተት ፋብሪካው በር ላይ ካልተመረመረ፣ ያማረ ማሸጊያ አያድነውም።

ሕግ የለም አንልም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ወጥቷል። ነገር ግን አዋጅ ናሙና አይወስድም፤ የሙዝ ዱቄትን እርጥበት አይለካም፤ የተበላሸ ምርት ከመጋዘን እንዳይወጣ በሩ ላይ አይቆምም። ይህን የሚሠራው ሰው ነው።

ሰውስ ጠፍቶ ነውን? ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ሐረማያና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች በዘርፉ ያስተምራሉ። እንደ እኛ እምነት ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ምሩቁ የፋብሪካን ሥራ በቂ ልምምድ ሳያገኝ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ተቀጥሮም ሥልጣን የለውም፤ ደመወዙን የሚወስነው ምርቱን ሊያግድበት የሚገባው ሰው ነው። ምርት ያገደ ዕለት እንጀራውን ሊያጣ ይችላል።

ስለዚህ ብትመርጡን፦

1. በ1979 ዓ.ም በውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትነት የተጀመረው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ለውኃ ሥራ ባለሙያ እንዳፈራ ሁሉ፣ ለምግብ ጥራትም አንድ መንፈቅ ሙሉ በፋብሪካ ውስጥ የሚሰጥ ሥልጠና እንዲኖረው እናደርጋለን።

2. በአርባ ምንጭ የጋራ የምግብ መመርመሪያ ላቦራቶሪ እናቋቁማለን። ባለሙያ ለመቅጠር አቅም የሌላቸው ትንንሽ አቀነባባሪዎች በማኅበራቸው በኩል አንድ ባለሙያ በጋራ እንዲቀጥሩ እንደግፋለን።

3. የጥራት ኃላፊ ተጠሪነቱ ለምርት ክፍል ሳይሆን በቀጥታ ለሥራ አስኪያጁ እንዲሆን፣ ይህም የፈቃድ ማደሻ መስፈርት እንዲሆን እናደርጋለን።

4. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛን ለማሰናበት በቂ ያልሆኑ ምክንያቶችን ዘርዝሯል። «ለጤና አደገኛ ምርት እንዳይወጣ ማገድ» በዚህ ዝርዝር ውስጥ በግልጽ እንዲጨመር ረቂቅ እናቀርባለን።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል፤ አንደብቅም። ከገበያ ተሰብስቦ የሚጣል ምርትና በተመረዘ ምግብ የሚታመም ሕፃን ግን ከዚህ የበለጠ ያስከፍሉናል።

ፋብሪካ እንከፍታለን የሚሏችሁን ዕጩዎች ሁሉ፣ እኛንም ጨምሮ፣ «የጥራት ባለሙያውን ከየት ታመጣላችሁ? ‘ይህ አይወጣም’ ሲልስ ማን ይጠብቀዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። የእኛ መልስ ከላይ ሰፍሯል። ፍርዱ የእናንተ ነው!