ፍጥነት ሌላ፥ ችሎታ ሌላ

ሰው ከጥንት ይዞት የኖረ አንድ ድካም አለ፤ ይኸውም የመሣሪያውን ኀይል እንደ ራሱ ኀይል አድርጎ መቍጠር ነው። መልካም ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ተኳሽ፥ መልካም ፈረስ የተቀመጠ ሁሉ ጋላቢ መስሎ ይታየዋል። ይህ ድካም ዛሬ በወጣቶች ዘንድ ጎልቶ የሚታይበትን አንድ ስፍራ ስላገኘሁ፥ እርሱን ለመንቀፍ ብዕሬን አንሥቻለሁ። ስፍራውም የመኪና እሽቅድምድም ሲሙሌተር ነው።

ሲሙሌተር የሚባለው፥ ተጫዋቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ መሪ ጨብጦ፥ ፍሬንና ነዳጅ መስጫ በእግሩ እየረገጠ፥ በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ በሚታየው መንገድ መኪና የሚነዳበት ጨዋታ ነው። ለማሣቅ ብቻ ከተሠሩት ጨዋታዎች የሚለየው፥ የጎማውን መሬት አያያዝ፥ የመኪናውን ክብደትና የፍሬኑን ጠባይ በሒሳብ አስልቶ እውነተኛውን ለመምሰል የሚጥር በመሆኑ ነው። በ1997 ዓ.ም. በጃፓን የወጣው ግራን ቱሪስሞ፥ በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው አይሬሲንግ፥ ኢጣሊያኖች ሠርተው በ2014 ዓ.ም. ያወጡት አሴቶ ኮርሳ ከታወቁት መካከል ናቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በእንደነዚህ ያሉት ጨዋታዎች ከትንሿ የከተማ መኪና ጀምሮ እስከ ፎርሙላ መኪና ድረስ ይገኛል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ለመማር የሚሻ ሰው ከፈጣኑና ከዝግተኛው የቱን ይምረጥ?

«ይህ ምን ጥያቄ አለው? ፈጣኑን ነው እንጂ!» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ከፎርሙላ መኪና በቀር ሌላ አልነካሁም። የምነዳበትም መንገድ በጀርመን አገር የሚገኘው የኑርቡርግሪንግ የሰሜኑ ዙር ነበር። ይህ መንገድ በ1927 ዓ.ም. የተከፈተ፥ 20.8 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው፥ በጫካና በኮረብታ መካከል የሚጠማዘዝ ነው፤ ስኮትላንዳዊው ነጂ ጃኪ ስቱዋርት «አረንጓዴው ሲኦል» ብሎ ሰይሞታል። ከአሥሩ ዙር ዘጠኙ ከአጥር ጋር በመላተም ያልቅብኝ ነበር። አንዱን በደኅና የጨረስሁ እንደ ሆነ ግን ሰዓቱን ጽፌ ለመጣው እንግዳ ሁሉ አሳይ ነበር።

አንድ እሑድ የእኅቴ ልጅ፥ ገና አሥራ አራት ዓመት ያልሞላት፥ የጻፍሁትን ሰዓት አየችና «ጋሼ፥ እስቲ ሁለታችንም በአንድ ዓይነት መኪና እንሞክረው» ብላ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 መረጠች። ይህ መኪና በ1989 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲወጣ ጉልበቱ 115 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበር፤ የዛሬው ፎርሙላ ዋን ግን ወደ 1000 ይጠጋል። ስለዚህ ናቅሁት። ተራ በተራ ነዳን፤ በአንዲት ዙር በ31 ሴኮንድ ቀደመችኝ። ምክንያቱን ብጠይቃት፥ «ጋሼ፥ እስከ ዛሬ እርስዎ መኪናውን አልነዱትም፤ እርሱ ነው እርስዎን ሲነዳ የኖረው» አለችኝ። ቃሉ ቢያቃጥለኝም እውነት ነበርና፥ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን መመርመር ያዝሁ።

መርምሬ ያገኘሁት የመጀመሪያው ነገር፥ በሲሙሌተር ውስጥ ያለው ፍጥነት ሥዕል መሆኑን ነው። ስክሪኑ ላይ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ተብሎ ቢጻፍም ወንበሩ ከክፍሉ ንቅንቅ አላለም። የእውነተኛውን ነጂ አንገት የሚጎትተው፥ ደረቱን ከቀበቶው ጋር የሚያጣብቀው ግፊት የእኛን ገላ አይነካውም። ወንበር የሚያናውጡ መሣሪያዎች ቢኖሩም ለቅጽበት ይነቀንቁ እንደ ሆነ ነው እንጂ ያንን ረዥም ግፊት ሊሰጡ አይችሉም። ታዲያ ከዚህ ጨዋታ ሥዕል ያልሆነው የቱ ነው? የእጅና የእግር ሥራ፥ የዐይን ማስተዋል፥ የልብ ፍርድ ነው። ፍሬን የት ልያዝ፥ መሪውን መቼ ልጠምዝዝ፥ ነዳጁን ምን ያህል ልስጥ ብሎ መቍረጥ በመንገድም ሆነ በሲሙሌተር ያው ሥራ ነው። እንግዲህ ስለ ፍጥነቱ ብሎ ፈጣኑን መኪና የሚመርጥ ሰው፥ መሣሪያው ሊሰጠው የማይችለውን እየፈለገ የሚሰጠውን ይጥላል።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 83 ሜትር ያህል ያልፋል፤ በሰዓት 90 የሚሄደው ግን 25 ሜትር ብቻ ነው። ጀማሪው በፈጣኑ መኪና ሲሳሳት ስሕተቱና ቅጣቱ አንድ ላይ ይደርሱበታል፤ አጥሩን ያየው ከመታው በኋላ ነው። ስለዚህ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ እንደ ገና ይጀምራል፥ እንደ ገናም ያንኑ ያጠፋል። ዝግተኛው መኪና ግን ስሕተቱን ዘርዝሮ ያሳየዋል። ወደ ኩርባው በብዛት ፈጥኖ ሲገባ የፊት ጎማዎቹ መሬቱን መጨበጥ ሲያቅታቸው፥ መኪናውም ወደ ውጭ ሲገፋበት ይሰማዋል። በኩርባው መካከል እግሩን ከነዳጁ ላይ በድንገት ሲያነሣ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፥ የኋላውም ይቀልልና ጅራቱ ይዞርበታል። ይህን ሁሉ አይቶ ለማረም ጊዜ አለው። መምህር ማለትስ ከዚህ ሌላ ምንድር ነው?

ሦስተኛው ነገር የዝግተኛው መኪና ጭካኔ ነው። ብዙ ሰው ዝግተኛ መኪና ይቅር ባይ ይመስለዋል፤ እኔ ግን ከእርሱ የባሰ ጥብቅ ተቈጣጣሪ አላየሁም። በሰሜኑ ዙር መጨረሻ ጋልገንኮፍ የሚባል ወደ ቀኝ የሚዞር ረዥም ኩርባ አለ፤ ከእርሱ በኋላ ዶቲንገር ሆሄ የሚባለው ረዥም ቀጥታ መንገድ ይከተላል። ከኩርባው ሲወጣ ጥቂት ፍጥነት ያባከነ ሰው፥ ብርቱ ሞተር ካለው ነዳጁን ረግጦ ጕድለቱን በቶሎ ይሸፍነዋል። ደካማ ሞተር ያለው ግን ያንን ጕድለት በቀጥታው መንገድ ሁሉ ተሸክሞት ይሄዳል። እንግዲህ ብርቱው ሞተር የነጂውን ስሕተት ይደብቃል፥ ደካማው ይገልጠዋል ማለት ነው። እኔም አንድ ዓመት ሙሉ ሳልማር የኖርሁት በዚህ መደበቂያ ውስጥ ተሸሽጌ ስለ ነበር ነው።

ይህን እኔ ብቻ ያልሁት አይደለም፤ ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች ሥራም ይመሰክራል። ግራን ቱሪስሞን የሠሩት ሰዎች ለተጫዋቹ ጥቂት ገንዘብ ሰጥተው ከርካሽ መኪና እንዲነሣ፥ የመንጃ ፈቃድ ፈተናም እያለፈ ከፍ እንዲል አደረጉ። በአይሬሲንግ አዲስ ገቢው ከጀማሪዎች ክፍል ይጀምራል፤ ከመንገድ በወጣና ሌላውን በገጨ ቍጥር ነጥብ ይመዘገብበታል፥ ለመንገድ እሽቅድምድም ከሚሰጡት የመጀመሪያ መኪናዎችም አንዱ ያው እኔ የናቅሁት ማዝዳ ነው። ሚካኤል ሹማከርና ሉዊስ ሃሚልተን በልጅነታቸው የጀመሩት ካርት በምትባለው ትንሽ መኪና ነው። በ2008 ዓ.ም. ኒሳንና ሶኒ ጂቲ አካዳሚ የሚባል ውድድር ሲያቋቁሙ፥ ከጨዋታው ወንበር ተነሥቶ ያሸነፈው ስፓኛዊው ሉካስ ኦርዶኜዝ በቀጥታ በታላቁ መኪና ላይ አልተቀመጠም። በ2009 ዓ.ም. በዱባይ የ24 ሰዓት ውድድር ኒሳን 350 ዜድ ነዳ፤ በለ ማን በክፍሉ ሁለተኛ የወጣው በ2011 ዓ.ም. ነው። በአገራችንም የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤት ከሚያልቀው ከጉባኤ ቃና ይነሣል እንጂ በመወድስ አይጀምርም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አሁን የተቃዋሚዎቼን ቃል ልስማ። አንዱ ወዳጄ እንዲህ ይለኛል፤ «እኔ በእውነቱ ዓለም መኪና የለኝም፤ ወደ ፊትም ባገኝ ያረጀ ነው። ታዲያ በጨዋታ እንኳ ፈጣኑን እንዳልነዳ ለምን ትከለክለኛለህ?» ይህ ከሁሉ የሚከብደኝ ክርክር ነው፤ የሰውን ሕልም መንቀፍ ደግ አይደለምና። ነገር ግን ወዳጄ ሆይ፥ ያንን ፈጣን መኪና በውነት ነድተኸዋልን? በየኩርባው እየወደቅህ፥ በየጊዜው የመመለሻውን ቍልፍ እየተጫንህ፥ ሕልምህን መቼ ያዝኸው? እኔ ሕልምህን ልነጥቅህ ሳይሆን የምትይዝበትን እጅ እንድታበጅ ነው የምመክርህ።

ሁለተኛው «ዝግተኛ መኪና ይሰለቻል» ይላል። ይህን የሚል ሰው አቅማቸው እኩል የሆነ አሥር ትናንሽ መኪናዎች ተጠጋግተው ሲሽቀዳደሙ አልገባባቸውም። በዚያ ውድድር ማንም በሞተር ጉልበት ብቻ ከማንም ሊያመልጥ አይችልም። የፊተኛው ነፋሱን ሲከፍል የኋለኛው በጥላው ተጠግቶ ይከተለዋል፤ ጎን ለጎን ሆነውም ወደ ኩርባው ይገባሉ። በዚያን ጊዜ ለባልንጀራ መንገድ መተውን፥ ትዕግሥትንና ድፍረትን በአንድ ላይ መማር ግዴታ ይሆናል። የሰለቸውስ እንደ ሆነ፥ የሰለቸው መኪናው ይሁን የራሱ ጕድለት መታየቱ ይሁን ራሱን ይጠይቅ።

ሦስተኛው «ፈጣኑ መኪና የራሱ ትምህርት አለው» ይላል፤ ይህስ እውነት ነውና እቀበለዋለሁ። በፎርሙላ መኪና ላይ ያለው ክንፍ ፍጥነቱ በበረታ መጠን መኪናውን ወደ መሬት ይጫነዋል፤ ስለዚህ በአንዳንድ ኩርባ ፈርቶ ቀስ ማለት መሬት መያዣውን መቀነስ ነው። ይህን ማዝዳው ሊያስተምር አይችልም። እንዲሁም ዝግተኛ መኪና በመምረጡ ብቻ የሚኮራ፥ ሌላውን የሚንቅ ሰው፥ እርሱም በመሣሪያው ከሚመኩት ወገን ነው። ክርክሬ ስለ ቅደም ተከተል ነው፤ የፈጣኑ ትምህርት የዝግተኛውን ለተማረ ነው።

ይህን ያህል የደከምሁት ስለ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በስክሪኑ ላይ ግጭት በአንድ ቍልፍ ይጠፋል፤ በመንገድ ላይ ግን እንዲህ ያለ ቍልፍ የለም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በፍሬን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ይህንንም እግሩ ሳይማር ወደ እውነተኛ መሪ የሚቀርብ ወጣት የራሱን ብቻ ሳይሆን የመንገደኛውን ነፍስ ይዞ ይጫወታል። ከዚህም በላይ፥ ዛሬ በተዋሰው የፈረስ ጉልበት መመስገንን የለመደ ልጅ፥ ነገ በተዋሰው ሹመትና በተዋሰው ገንዘብ ሊመሰገን ይፈልጋል። ያ የተዋሰው የተወሰደበት ቀን ግን ባዶ እጁን ይገኛል።

ስለዚህ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ዛሬ ማታ በጨዋታው ውስጥ ካሉት መኪናዎች ደካማውን ምረጥ። በአንድ አጭር መንገድ አሥር ዙር ንዳ፤ አንድ ጊዜም ከመንገዱ አትውጣ። የአሥሩንም ሰዓት በወረቀት ጻፍ። በፈጣኑና በዘገየው ዙር መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ፥ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ውጣ። እኔ በዚህ ዓይነት ከጀመርሁ ስምንት ወር ሆኖኛል፤ የእኅቴ ልጅ አሁንም በአራት ሴኮንድ ትቀድመኛለች። የቀድሞውን የፎርሙላ ሰዓቴን የጻፍሁበትን ወረቀት ግን ቀድጄ ጥዬዋለሁ።