ሙሻወራ ያለ ተጠያቂነት፦ የኢንዶኔዥያ መንደሮች ልምድ ለቀበሌዎቻችን ምን ይነግረናል?

እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 2023 በሺዎች የሚቆጠሩ የኢንዶኔዥያ የመንደር ሹሞች ጃካርታ በሚገኘው ፓርላማ ፊት ተሰልፈው ነበር። የጠየቁት የሥልጣን ዘመናቸው ከ6 ወደ 9 ዓመት ከፍ እንዲል ነው። በ2024 የመንደር ሕጉ ተሻሻለና 8 ዓመት ተፈቀደላቸው። ቀድሞ 3 ጊዜ መመረጥ ይችሉ የነበሩት አሁን 2 ጊዜ ብቻ ይመረጣሉ። አንድ ሹም በጠቅላላው ሊቆይ የሚችልበት ዘመን ከ18 ወደ 16 ዓመት ዝቅ ቢልም፣ ሕዝቡ በሹሙ ላይ ድምፁን የሚሰጥበት ቀን ግን በ2 ዓመት ርቋል።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ሊመስል ይችላል። እኛ ግን ትኩረት ይገባዋል እንላለን። ኢንዶኔዥያ በዓለም ላይ ብዙ ሙስሊም ከሚኖርባቸው አገሮች ግንባር ቀደም ናት። ከዚህም በላይ፣ የመንደር ሕዝብ ራሱን በራሱ እንዲያስተዳድር የሚያግዙ የልማት ሠራተኞችን በስፋት አሠልጥነው ካሠማሩ አገሮች አንዷ ናት። ያገኘችውም ያጣችውም ለእኛ ትምህርት ይሆናል።

ወደ ኋላ እንመለስ። በሱሃርቶ ዘመን በ1979 የወጣው ሕግ የአገሪቱን መንደሮች በሙሉ በአንድ ቅርጽ እንዲተዳደሩ አደረገ። በምዕራብ ሱማትራ የሚኖሩት ሚናንግካባዎች “ናጋሪ” የሚባል የራሳቸው ጥንታዊ አስተዳደር ነበራቸው፤ ሕጉ ናጋሪውን በትናንሽ መንደሮች ከፋፈለው። የመንደር ሹም ተጠሪነት ሽቅብ ለመንግሥት እንጂ ለነዋሪው አልነበረም። ሱሃርቶ በ1998 ከወረደ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በዚያው ዓመት በዓለም ባንክ ድጋፍ በንዑስ ወረዳ ደረጃ የልማት ፕሮግራም ተጀመረ። ገንዘቡ ለመንደሮች ይሰጣል፤ ለመንገድ፣ ለውኃ ወይም ለድልድይ እንደሚውል የሚወስነው የነዋሪው ስብሰባ ነው። በየመንደሩ ነዋሪው አንድ ወንድና አንዲት ሴት አመቻች ይመርጣል። ሴቶች ለብቻቸው ተሰብስበው የራሳቸውን ሐሳብ እንዲያቀርቡም ተደነገገ። ፕሮግራሙ ከ2007 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ተስፋፋ።

በ2014 መጀመሪያ ላይ የጸደቀው የመንደር ሕግ ይህን ልምድ ከፕሮጀክት ወደ ሕግ አሸጋገረው። ከ2015 ጀምሮ ከማዕከላዊ መንግሥት በጀት ለየመንደሩ ገንዘብ መመደብ ተጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት 20.7 ትሪሊዮን ሩፒያ የነበረው በ2019 ወደ 70 ትሪሊዮን ደረሰ። ይህ ገንዘብ ከ74 ሺህ በላይ መንደሮች የሚካፈሉት ነው። በሕጉ መሠረት ዋና ዋና ጉዳዮች የሚወሰኑት “ሙሻወራ” በሚሉት የመንደር ጉባኤ ነው። ቃሉ ከዐረብኛ የተወሰደ ሲሆን እኛ “ሹራ” ከምንለው ጋር ሥሩ አንድ ነው። መንግሥት ጉባኤውንና በጀቱን የሚያግዙ ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች መልምሎ አሠማራ። የማዕረጋቸው ስም በቋንቋቸው “አብሮ ሄያጅ” እንደማለት ነው። በሥራው ላይ መሪው መንደሩ ነው፤ ሠልጣኙ አጠገቡ ሆኖ ያግዛል።

ታዲያ ሠራ ወይ? ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የበለጠ መልስ የሰጠው ቤንጃሚን ኦልከን የተባለ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ በጃቫ ደሴት ያካሄደውና በ2007 የታተመው ጥናት ነው። ከ600 በላይ መንደሮች መንገድ ሲሠሩ ተመለከተ። መንገዱ ካለቀ በኋላ ባለሙያዎች ቆፍረው ስንት ድንጋይና አሸዋ እንደገባበት ለኩ፤ ከዚያም በሰነድ ላይ ከተጻፈው ጋር አነጻጸሩ። በአንዳንዶቹ መንደሮች ለነዋሪው የስብሰባ መጥሪያ በብዛት ታደለ፤ ስሙን ሳይጽፍ አስተያየት የሚሰጥበት ወረቀትም ተበተነ። በሌሎቹ ደግሞ የመንግሥት ኦዲተር እንደሚመጣ አስቀድሞ ተነገረ፤ ውጤቱም በመንደሩ ስብሰባ ላይ ተነበበ።

ኦዲት የመደረግ ዕድል ከ4 በመቶ ወደ 100 በመቶ ሲያድግ፣ የገባበት የማይታወቀው ወጪ በ8 ነጥብ ገደማ ቀነሰ። ሕዝቡን በብዛት ወደ ስብሰባ መጥራቱ ግን በአማካይ ሲታይ ያመጣው ለውጥ ትንሽ ነበር። ነዋሪው የሠራተኛ ደሞዝ ሲሰረቅ ይጮሃል፤ ደሞዙ የራሱ ነውና። ድንጋይና አሸዋ ሲጎድል ግን ዝም ይላል፤ የሁሉ የሆነውን ማን ይጠይቃል? ኦዲቱም ቢሆን የራሱ ጣጣ ነበረው። ገንዘብ መውሰድ ሲከብዳቸው የመንደሩ ሹማምንት ዘመዶቻቸውን በሥራው ላይ በብዛት መቅጠር ጀመሩ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እንወስዳለን። አንደኛ፣ ስብሰባ ብቻውን ተጠያቂነትን አያመጣም። ሁለተኛ፣ የላይ ቁጥጥርና የታች ተሳትፎ አንዱ ሌላውን አይተካም፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የኦዲት ሪፖርት መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቆልፎ ቢቀር ኖሮ መንደሩ ምንም ባላወቀ ነበር። ሪፖርቱን አስተያየት የሚሰጥበት ሕዝብ ፊት ማንበብ ነው ለውጥ የሚያመጣው።

ከ2014 በኋላ የተመለመሉት ሠራተኞችም ከትችት አላመለጡም። በምልመላው የፓርቲ ቅርበት ታይቷል የሚል ክስ ተነሣ። ብዙዎቹ ጊዜያቸውን የሚያጠፉት ሪፖርት በመሙላትና የበጀት ቅጽ በማስተካከል እንጂ ሕዝቡን በማነቃቃት አይደለም ተባለ። ይህ የሠራተኛው ስንፍና አይደለም። ደሞዙን የሚከፍለው፣ ሥራውን የሚገመግመውና ውሉን የሚያድሰው የላይኛው መሥሪያ ቤት ከሆነ፣ ሠራተኛው ፊቱን ወደዚያው ቢያዞር አይገርምም።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን ሕዝቡ በቀጥታ የሚሳተፍበት በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል። የሠለጠነ ሰው እጥረትም ያለብን አይመስልም። የግብርና ኮሌጆች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችን አስመርቀዋል። በዕቅዱ መሠረት በየገጠር ቀበሌው ሦስት ባለሙያዎች ይመደባሉ፤ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት። እ.ኤ.አ በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም ከ30 ሺህ በላይ ሴቶችን አሠልጥኖ ወደ ቀበሌ ልኳል።

ነገር ግን እነዚህ ወንድሞችና እህቶች የሠለጠኑት ሕዝቡን ለማስተማር እንጂ ሕዝቡ ራሱን እንዲያስተዳድር ለማገዝ አይደለም። በብዙ ቦታ የማዳበሪያ ዕዳ እንዲያስከፍሉ፣ ሕዝቡን ለስብሰባ እንዲቀሰቅሱና የላይኛውን ዕቅድ እንዲያወርዱ ተደርገዋል። ገበሬው የልማት ሠራተኛውን ሲያይ የመንግሥትን እጅ ያያል። “ስልጠና” የሚለው ቃል ራሱ በብዙ ሰው ጆሮ ከፓርቲ መመሪያ ጋር የተያያዘው በዚህ የተነሣ ነው።

የቀበሌ ምክር ቤቶች ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነው። ከ2000 ዓ.ም ምርጫ በፊት የምክር ቤቱ አባላት ቁጥር እስከ 300 ከፍ ተደረገ። ቁጥሩ ቢበዛም ፉክክሩ አልበዛም። አገር አቀፍ የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም ነው። በ2010 ሊካሄድ የነበረው ተራዝሟል። ዛሬ ለአቅመ አዳም የደረሰ አንድ የገጠር ወጣት የቀበሌውን ምክር ቤት የመምረጥ ዕድል አግኝቶ አያውቅም ማለት ነው።

ይህ ጉዳይ ሙስሊሙን ማህበረሰብ በቀጥታ ይመለከታል። የመስጂድ ቦታ ጥያቄ፣ የቀብር ቦታ ክርክር፣ የወሰን ጠብ፣ የእርዳታ እህል ክፍፍል ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከቀበሌ ነው። በአንድ ቀበሌ በቁጥር አናሳ የሆነ ወገን፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ ድምፁ የሚሰማበት ሥርዓት ከሌለ ትንሹ አለመግባባት ወደ ትልቅ ጠብ ያድጋል። ማህበረሰባችን በ2004 ዓ.ም “የመጅሊስ ምርጫ በቀበሌ ሳይሆን በመስጂድ ይካሄድ” ብሎ የጠየቀውም ያለ ነገር አልነበረም። ምርጫውን ማን እንደሚጠራውና የት እንደሚካሄድ ውጤቱን እንደሚወስን ስላወቀ ነው።

የኢንዶኔዥያው ሙሻወራ አንድ ሌላ ማስጠንቀቂያም ይዟል። ጉባኤው የሚፈልገው የሁሉንም ስምምነት ነው። ስምምነት መልካም ነው፤ ነገር ግን ድሃው ባለሀብቱ ፊት፣ ሴቷ ሽማግሌዎች ፊት፣ ወጣቱ ሹሙ ፊት ዝም ሲሉ ዝምታቸው እንደ ስምምነት ሊቆጠር ይችላል። የሹራ ትርጉሙ የተለየ ሐሳብ ያለውን ሰው መስማት ከሆነ፣ ዝም ያለውን ማናገር የሚችል ሰው ማሠልጠን ከሁሉ በፊት ይመጣል።

በእኛ እምነት የቀበሌ ራስ አስተዳደርን የሚያጠናክር ስልጠና ሦስት ነገሮችን ማሟላት አለበት። ሠልጣኙ የቀበሌውን በጀት አንብቦ ለገበሬው በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት፣ ስብሰባ መምራትና ዝም ያለውን ማናገር ይማር። ሥራው ሲገመገም የነዋሪው ድምፅ ክብደት ይኑረው። የቀበሌው ሒሳብ በገለልተኛ ኦዲተር ተመርምሮ በጉባኤ ፊት ይነበብ። ይህ ሁሉ ግን ያለ አካባቢ ምርጫ ሙሉ አይሆንም። ሕዝቡ ሊያወርደው የማይችለው ሹም የቱንም ያህል ቢሠለጥን ተጠሪነቱ ለሌላ ነው።

ምርጫው እስኪመጣ እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም። የመስጂድ ኮሚቴዎቻችን፣ እድሮቻችንና የጀመዓ ማህበሮቻችን የሰበሰቡትን ገንዘብ በየሦስት ወሩ ለአባላቱ ቢያነቡ፣ ሴቶችና ወጣቶችም በሹራው ቢቀመጡ፣ ለቀበሌ የሚሆን ሰው እዚያው ይበቅላል። በመስጂዱ ስለ ጎደለ አሥር ብር መጠየቅ የለመደ ሰው፣ በቀበሌው ስለ ጎደለው ድንጋይና አሸዋ ለመጠየቅ አይፈራም።