ሜኑውን የሚያነበው ልጅ

ስለ ፈጣን ምግብ ቤቶችና ስለ ልጆቻችን ወሬ በተነሣ ቁጥር አንድ መልስ ሳይጠራ ከተፍ ይላል፦ «ወላጁ የት ሄዶ ነው?» ልጅ በርገር ቢያምረው እናት «አይሆንም» ብላ እጁን ይዛ ማለፍ አቅቷት ነው ወይ? ይህን በማኅበር ላይም፣ ልጆች ከሰንበት ትምህርት እስኪወጡ በር ላይ ቆመን ስንጠብቅም ሰምቼዋለሁ። የሚሉት ሰዎች ክፋት የለባቸውም። አብዛኞቹ የቀረበላቸውን በልተው፣ ባይጥማቸውም ዝም ብለው ያደጉ ናቸው። እኔ ግን ይህ መልስ ዋሽንግተንና ዙሪያዋን ለምንኖር ሐበሾች አይሆንም ባይ ነኝ። በብዙ ቤታችን ሜኑውን የሚያነበው ልጁ ነውና።

ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት በርገር ቤቶች ባንዱ ያየሁትን ልንገራችሁ። ገንዘብ ተቀባይ ፊት መሰለፍ ቀርቷል፤ በሩን አልፋችሁ ስትገቡ የሚቀበላችሁ የሰው ቁመት ያለው ስክሪን ነው። አንዲት እናት ከሥራ መውጣቷ ነው መሰል የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ካርዷን ይዛ ቆማለች። የሚያዘው ግን ልጇ ነው፤ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ጣቱ ስክሪኑ ላይ ይሮጣል።

«ማሚ፣ ትልቁን ላድርገው? ትንሽ ብቻ ነው የሚጨምረው።»

«ምኑን ነው የምታተልቀው?»

«ሁሉንም!»

«እንዳልክ፤ ብቻ ቶሎ በል፣ አባትህ መኪናውን ያቆመው የማይቆምበት ቦታ ነው።»

ስክሪኑ በዚህ አልለቀቀውም። ኩኪ ይጨመር እንደሆነ ጠየቀው፤ ልጁ ይጨመር አለ። መጠጡ ይተልቅ እንደሆነ ጠየቀው፤ ይተልቅ አለ። እናትየዋ የተጠየቀችው መጨረሻ ላይ ነው፤ ካርዷን እንድታስነካ።

ያ ልጅ የሚያዘው ቅብጥብጥ ስለሆነ አይደለም። በብዙ ቤታችን እንደሚሆነው፣ ከትምህርት ቤት የሚመጣውን ደብዳቤ የሚያነብላት እሱ ነው። ኢንሹራንስ ጋ ስትደውል አጠገቧ ቁጭ ብሎ የሚያስተረጉምላት፣ አያቱ ሐኪም ቤት ስትሄድ አብሯት የሚገባው እሱ ነው። የቤቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ብትሉት አላጋነናችሁም። እዚህ አገር ተወልዶ ያደገ ወላጅ ቤት ውስጥ ሽያጩ የሚሳካው ማስታወቂያው ልጁን አባብሎ፣ ልጁ ደግሞ ወላጁን ጨቅጭቆ ነው። ጭቅጭቁ ራሱ የተጠና ዕውቀት ነው። ጄምስ ማክኒል የተባሉ የገበያ ምሁር በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ የልጆችን ጭቅጭቅ ሰባት ቦታ ከፍለውታል፤ የሚለማመጥ አለ፣ የሚያስፈራራ አለ፣ እየደጋገመ የሚያደክም አለ፣ አንጀት የሚበላም አለ። (ከቀኑ አቆጣጠር ጋር እንዳንጣላ፣ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) በእኛ ቤት ግን ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም። ልጁን ያሳመነ ማስታወቂያ ገዢውን አሳምኗል።

ይህ በልጅ በኩል የመሸጥ ብልሃት የሰው መልክ የያዘው ደግሞ እዚሁ እኛ ከተማ ነው። ሮናልድ ማክዶናልድ የተባለው ባለ ቀይ ጠጉር ክላውን በ1963 ብቅ ያለው ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ነው። የአካባቢው የማክዶናልድስ ባለቤቶች «ቦዞ» የሚባል የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም ስፖንሰር ያደርጉ ነበር። ፕሮግራሙ ሲቋረጥ፣ ቦዞን ሆኖ ይሠራ የነበረውን ዊላርድ ስኮትን ሮናልድ አድርገው አመጡት፤ አፍንጫው የወረቀት ኩባያ፣ ባርኔጣው የምግብ ትሪ። በኋላ በመላው አሜሪካ የታወቀው የአየር ጠባይ አቅራቢ ይኸው ስኮት ነው። ክላውኑ አገር አቀፍ ሲሆን ኩባንያው ስኮትን ተወው፤ ምክንያቱ ውፍረቱ ነው ይባላል። በርገር የሚሸጠው ሰው በርገር የበላ እንዳይመስል መሆኑ ነው።

ከዚያ በ1979 ሃፒ ሚል መጣ። ከምግቡ ጋር አሻንጉሊት በአንድ ሣጥን መክተት እንዲሁ ሲያዩት ደግነት ይመስላል። ግን አስቡት፦ ልጅ «ምን ልብላ?» ብሎ ሳይሆን «የትኛው ደረሰኝ፣ የትኛው ቀረኝ?» ብሎ ነው የሚመለሰው። አሻንጉሊቶቹ በተከታታይ የሚወጡ፣ ጊዜያቸው ሲያልፍ የሚጠፉ ናቸው። ሆድ ቢጠግብ እንኳ የተጀመረው ስብስብ አልሞላም። በ1997 የጸደይ ወራት ማክዶናልድስ ቲኒ ቢኒ ቤቢ የሚባሉትን ትናንሽ የጨርቅ እንስሳት በሣጥኑ ሲያስገባ፣ በአሥር ቀን ገደማ ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጋ ሃፒ ሚል ተሸጧል። ከዚያ በፊት በሳምንት የሚሸጠው 10 ሚሊዮን ያህል ነበር። ሥጋው ያው ሥጋ፣ ዳቦው ያው ዳቦ ነው።

የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2008 ባወጣው ሪፖርት መሠረት 44 የምግብና የመጠጥ ኩባንያዎች በ2006 ብቻ ለልጆችና ለታዳጊዎች ማስታወቂያ 1.6 ቢሊዮን ዶላር አውጥተዋል። በዚያው ዓመት ፈጣን ምግብ ቤቶቹ ከልጆች ምግብ ጋር ለሚሰጡት አሻንጉሊት የከፈሉት 360 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ የሸጡት ባለ አሻንጉሊት ምግብም ከ1.2 ቢሊዮን ይበልጣል። እንግዲህ «ወላጁ የት ሄደ?» የሚለው ሰው አንዲትን ከሥራ የተመለሰች እናት ከዚህ ገንዘብ ጋር ትግል ግጠሚ ማለቱ ነው።

ገንዘቡ ምን እንደሚገዛ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2007 አሳይተዋል። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ለሆኑ 63 ልጆች አንድ ዓይነት ምግብ ሁለት ቦታ ከፍለው አቀረቡላቸው፤ ግማሹ በማክዶናልድስ ወረቀት፣ ግማሹ ምልክት በሌለው ተመሳሳይ ወረቀት። አብዛኞቹ ልጆች የሚጥመው ባለ ምልክቱ ነው አሉ። ቺፕሱስ ይሁን፤ ካሮቱንና ወተቱንም እንዲሁ አሉ። ካሮት በዚያን ጊዜ ማክዶናልድስ አይሸጥም ነበር! ገና ማንበብ ያልጀመረ ልጅ ምላሱን ለወረቀት አስረክቧል።

መንግሥት ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ያው የንግድ ኮሚሽን፣ መሥሪያ ቤቱ ከካፒቶል ብዙም ያልራቀው፣ በ1978 ለትናንሽ ልጆች የሚነገር የቴሌቪዥን ማስታወቂያ እንዲከለከል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ትንሽ ልጅ ማስታወቂያ ሊሸጥለት የተነገረ መሆኑን ስለማይለይ ነገሩ ፍትሐዊ አይደለም፣ ማታለልም ነው አለ። የስኳር፣ የቁርስ እህል፣ የአሻንጉሊትና የቴሌቪዥን ኩባንያዎች ተነሡበት። ዋሽንግተን ፖስት ራሱ በርእሰ አንቀጹ ኮሚሽኑን የአገር ሞግዚት ሊሆን አማረው ብሎ ተሳለቀበት። በ1980 ምክር ቤቱ ሕግ አውጥቶ ኮሚሽኑ «ፍትሐዊ አይደለም» በሚል ምክንያት የልጆችን ማስታወቂያ እንዳይነካ ሥልጣኑን ቆረጠበት። ክላውኑ የተወለደባት ከተማ ጠባቂውንም አሰናበተችው።

ልጁ አድጎ አሻንጉሊት ሲያሳፍረው ደግሞ ሌላ ተዘጋጅቶለታል። በመስከረም 2020 ማክዶናልድስ ከራፐሩ ትራቪስ ስኮት ጋር ሆኖ በስሙ የተጠራ የ6 ዶላር ምግብ አወጣ። ምግቡ ውስጥ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ከሜኑው ላይ የነበሩት በርገርና ቺፕስ፣ ቤከንና ስፕራይት ናቸው። ታዳጊዎቹ ግን በመኪና እየሄዱ፣ ማዘዣው ድምፅ ማጉያ ላይ ዘፈኑን እየለቀቁ፣ ራሳቸውን እየቀረጹ ቲክቶክ ላይ ጫኑት። አንዳንዱ ቅርንጫፍ ጋ የምግቡ ግብአት እስከማለቅ ደርሷል። በዓመቱ በኮሪያው የሙዚቃ ቡድን በቢቲኤስ ስም ሌላ መጣ፣ ወደ ሃምሳ በሚጠጉ አገሮች። ድሮ ኩባንያው ለማስታወቂያ ሠራተኛ ይከፍል ነበር፤ አሁን ልጁ ምግቡንም ከፍሎ ገዝቶ፣ ማስታወቂያውንም በነጻ ይሠራል።

ቀሪው በስልኩ ላይ ነው። አፑ ነጥብ ይሰጣል፣ ነጥቡ ሲጠራቀም ነጻ ቺፕስ ይሆናል፣ ልጁ ምን፣ መቼና ስንቴ እንደሚገዛ ይመዘገባል። የት እንደቆመም ማወቅ ይቻላል። በርገር ኪንግ በ2018 ማክዶናልድስ አቅራቢያ ሆኖ አፑን ለከፈተ ሰው በርገር በአንድ ሳንቲም እሸጣለሁ ብሎ ነበር። እንደ ቀልድ ተወራ፤ እኔ ግን ያየሁት የሰው ልጅ የቆመበትን ቦታ ለይቶ ምግብ የሚያቀርብ መሣሪያ ነው።

በዚህ መካከል የእኛን ልጆች ለብቻ የሚመለከት ነገር አለ። የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲው ራድ ማዕከል በ2021 እንዳስታወቀው፣ በ2019 ጥቁር ልጆችና ታዳጊዎች ያዩት የፈጣን ምግብ ማስታወቂያ ነጭ እኩዮቻቸው ካዩት በ75 በመቶ ይበልጣል። ልጆቻችን ቤት ውስጥ ሐበሾች ናቸው፤ ትግሬ፣ አማራ፣ ኦሮሞ፣ ጉራጌ እያልን የምንከፋፍላቸው እኛ ነን። ማስታወቂያ የሚገዛው ሰው ግን ጥቁር ታዳጊ ብሎ አንድ ላይ ቆጥሯቸዋል። ሙዚቃቸውን፣ ጫማቸውን፣ ቅርጫት ኳሳቸውን ያውቃል።

ስለ ጾምም አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ ከጉዳዩ የራቀ አይደለም። ረቡዕና ዓርብ «በርገሩ ይቅር፣ ቺፕሱን ብላ» የምትል እናት ብዙ ናት። ድንች በዘይት ስለሆነ ማለት ነው። የአሜሪካው ማክዶናልድስ ቺፕስ ግን የበሬ ሥጋ ማጣፈጫ አለው፤ ማጣፈጫው ከስንዴና ከወተት ተዋጽኦ የሚነሣ ነው። ሂንዱዎችና ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ይህን ደርሰውበት ከሰው፣ ኩባንያው በ2002 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። የእኛ ሰው አልሰማም። ልጁ የሚያነብልን የምግቡን ስምና ዋጋውን ነው፤ ውስጡ ያለውን እንዲያነብ ማንም አልጋበዘውም።

አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችን «ይህ የእናንተ ችግር ነው» እንዳይሉ፣ ፒዛ ሃት በራችንን ካንኳኳ ቆይቷል፤ በእኛ አቆጣጠር በ2010 ነው የተከፈተው። ማክዶናልድስ ገና አልገባም። ግን ኢትዮጵያ በዚህ ነገር ባዶ እጇን አይደለችም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ይህም በእኛው አቆጣጠር ነው) የአልኮል ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ወርዷል፤ በዓልም ሆነ ኳስ ጨዋታ ያለ ቢራ ማስታወቂያ አይታይ የነበረበትን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ይህ ቀላል እንዳልነበር ያውቃል።

ሌሎችም ሞክረዋል። ኩቤክ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚነገርን የንግድ ማስታወቂያ ከ1980 ጀምሮ ከልክላለች፤ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1989 አጽንቶላታል። ቺሊ በ2016 ስኳርና ጨው የበዛበት ምግብ ከአሻንጉሊት ጋር እንዳይሸጥ አደረገች። ሳን ፍራንሲስኮ ግን ያልተሟላ ሕግ ምን እንደሚመስል አሳይታናለች፤ ጤናማ ካልሆነ ምግብ ጋር አሻንጉሊት በነጻ አይሰጥ ስትል፣ ማክዶናልድስ አሻንጉሊቱን በ10 ሳንቲም መሸጥ ጀመረ፤ ሳንቲሟንም ለበጎ አድራጎት ሰጠ። ብሪታንያም ከጥር 2026 ጀምሮ እንዲህ ያለ ምግብ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት በቴሌቪዥን፣ በኢንተርኔት ደግሞ በማንኛውም ሰዓት በክፍያ እንዳይተዋወቅ ስትከለክል፣ ምግቡ ሳይታይ ስሙና ዓርማው ብቻ የሚታይበትን ማስታወቂያ ነጻ ለቀቀችው። የስታንፎርዶቹ ልጆች የመረጡት ግን ወረቀቱን ነበር እኮ።

ቅርባችን ያለችው ባልቲሞር በ2018 ትንሽ የምትመስል ነገር አድርጋለች። በልጆች ሜኑ ላይ ከምግቡ ጋር የሚመጣው መጠጥ ውኃ፣ ወተት ወይም የፍራፍሬ ጭማቂ እንዲሆን ደነገገች። ለስላሳ የሚፈልግ ወላጅ ጠይቆ መውሰድ ይችላል፤ ግን መጠየቅ አለበት። ይቺን ሕግ የምወዳት ለዚህ ነው፤ የማንንም ምርጫ አልነጠቀችም፣ ጥያቄውን ብቻ ከልጁ ወደ ትልቁ ሰው አዛወረችው። ስክሪኑም እንዲሁ ሊታዘዝ ይችላል፦ የልጆች ምግብ ሲታዘዝ «ይተልቅ?» «ይጨመር?» አይበል።

ለካውንቲ ምክር ቤት የሚወዳደሩ ሰዎች ምርጫ ሲደርስ ከቅዳሴ በኋላ በራችን ላይ ይቆማሉ፣ እንጀራችንንም ይቀምሳሉ፣ ፎቶም ይነሣሉ። ስለ ፓርኪንግና ስለ ታክሲ ፈቃድ እንጠይቃቸዋለን፤ ይሁን። በሚቀጥለው ስለ ስክሪኑና ስለ አሻንጉሊቱም እንጠይቃቸው፤ መልሳቸውንም ከቅስቀሳ ወረቀታቸው ጋር በጽሑፍ ይተዉልን።