የጨፌ መቀመጫና የፌዴራል መቀመጫ፦ የአንድ ተመራጭ የሥራ ጉዞ የሚያስጨብጠው ቁም ነገር

በፓርላሜንታዊ ሥርዓት የሕዝብ ተወካይነት መቀመጫ ሕግ የማውጣት ኃላፊነት ብቻ አይደለም፤ ወደ አስፈጻሚነት ሥልጣን የሚያስገባ በርም ነው። አንድ ተመራጭ የየትኛው ምክር ቤት አባል እንደሆነ መለየት፣ ተመራጩ በሕግ እስከየትኛው ኃላፊነት ሊደርስ እንደሚችል ለማወቅ ይረዳል። ይህ እውነታ በአገራችን ጎልቶ የታየው በየካቲት 2010 ዓ.ም ሲሆን፣ የጉዳዩም ማዕከል የጨፌ ኦሮሚያ አባል የነበሩት አቶ ለማ መገርሳ ነበሩ።

ጨፌ ኦሮሚያ 537 መቀመጫዎች ያሉት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ነው። ክልሉ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 178 መቀመጫዎች ስላሉት፣ በአማካይ ለአንድ የፌዴራል ተመራጭ ሦስት የጨፌ ተመራጮች ይደርሳሉ። የጨፌው ታሪክ ከአዳማ ከተማ ጋር የተሳሰረ ነው። የክልሉ መንግሥት መቀመጫ በ1992 ዓ.ም ወደ አዳማ እንዲዛወር ከተወሰነ በኋላ፣ በሰኔ 1997 ዓ.ም ወደ አዲስ አበባ እንዲመለስ እስከተደረገበት ጊዜ ከተማዋ የክልሉ ርዕሰ ከተማ ሆና አገልግላለች። ከዚያም ወዲህ ጨፌው በርካታ ጉባኤዎቹን በአዳማ አካሂዷል። የሞጆ፣ የመቂ፣ የባቱ፣ የአርሲ ነገሌና የሻሸመኔ ነዋሪዎችም እንደ አዳማ ነዋሪዎች ሁሉ ወደ ሁለት ምክር ቤቶች ተወካዮቻቸውን ይልካሉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 መሠረት መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን የፌዴራሉ መንግሥት በሚያወጣው ሕግ መሠረት የማስተዳደር ሥልጣን የክልሎች በመሆኑ፣ ለእነዚህ ፈጥነው ለሚያድጉ ከተሞች የጨፌው መቀመጫ ከፌዴራሉ የሚያንስ አይደለም።

በምሥራቅ ወለጋ የተወለዱት አቶ ለማ መገርሳ የጨፌው አፈ ጉባኤ ሆነው አገልግለዋል። በመስከረም 2009 ዓ.ም በቢሾፍቱ በኢሬቻ በዓል ላይ የሰው ሕይወት ካለፈና የፖለቲካ ውጥረቱ ከተባባሰ በኋላ፣ በጥቅምት ወር ጨፌው የክልሉ ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጣቸው። ከአፈ ጉባኤነት ወደ ክልል መሪነት የተሸጋገሩት በዚያው በጨፌ መቀመጫቸው ነበር።

የዚህ መቀመጫ ወሰን የታየው የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ከሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን ባስታወቁ ጊዜ ነው። በወቅቱ በነበረው አሠራር የኢሕአዴግ ሊቀመንበር ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናል። አቶ ለማ የኦሕዴድ ሊቀመንበር ነበሩ። ይሁን እንጂ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 73 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል እንደሚመረጥ በግልጽ ይደነግጋል። አቶ ለማ የጨፌ አባል እንጂ የዚህ ምክር ቤት አባል አልነበሩም።

ድርጅቱ ከሰባት ቀናት በኋላ፣ የካቲት 15 ቀን፣ ዶክተር ዐቢይ አሕመድን ሊቀመንበር፣ አቶ ለማን ምክትል ሊቀመንበር አድርጎ መረጠ። ዶክተር ዐቢይ በክልሉ አስተዳደር በምክትል ፕሬዚዳንትነት ቢሠሩም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫቸውን እንደያዙ ነበር። መጋቢት 18 ቀን የኢሕአዴግ ሊቀመንበር ሆነው ተመረጡ፤ መጋቢት 24 ቀንም ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ከጠቅላይ ሚኒስትሩ የመልቀቅ ጥያቄ አንስቶ እስከ አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ቃለ መሐላ ድረስ ያለው ጊዜ 46 ቀናት ብቻ ነበር። የአገሪቱ መሪ ማን እንደሚሆን ከወሰኑት ጉዳዮች አንዱ በ2007 ዓ.ም ምርጫ ማን ለየትኛው ምክር ቤት እንደቀረበ ነበር ማለት ይቻላል።

የአቶ አባዱላ ገመዳ የሥራ ጉዞ ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ከ1997 ዓ.ም ምርጫ በኋላ ክልሉን በፕሬዚዳንትነት የመሩት አቶ አባዱላ፣ በ2002 ዓ.ም ምርጫ ለፌዴራሉ ምክር ቤት ተመርጠው የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ሆነዋል። ሽግግራቸው የተፈጸመው በምርጫ ዘመን፣ በመራጩ ድምፅ አማካይነት በመሆኑ የመቀመጫ ጥያቄ አላስነሣም።

ሌላው ምሳሌ ቀደም ሲል የአዳማ ከተማ ከንቲባ የነበሩት የወይዘሮ አዳነች አቤቤ ጉዞ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ ቻርተር ከንቲባው ከከተማው ምክር ቤት አባላት መካከል እንዲመረጥ ያዝዛል። በ2010 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1094 የተደረገው ማሻሻያ ግን ከምክር ቤቱ ውጭ የሆነ ሰው በምክትል ከንቲባነት እንዲሾም ፈቀደ። በዚሁ መሠረት ኢንጂነር ታከለ ኡማ፣ ከነሐሴ 2012 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ ወይዘሮ አዳነች ከተማዋን በምክትል ከንቲባነት መርተዋል። ወይዘሮ አዳነች “ከንቲባ” የተባሉት በ2013 ዓ.ም ምርጫ የከተማው ምክር ቤት አባል ከሆኑ በኋላ፣ በመስከረም 2014 ዓ.ም ነው።

በእነዚህ ሁኔታዎች መካከል ያለውን ልዩነት ማስተዋል ያስፈልጋል። በየካቲት 2010 ዓ.ም ድርጅቱ ራሱን ለሕጉ አመቻቸ፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ሕጉ ለሁኔታው ተመቻቸ። ሁለቱም በሕግ አግባብ የተፈጸሙ ናቸው። ሆኖም የመጀመሪያው የተቋምን ክብር ሲያጠናክር፣ ሁለተኛው ጊዜያዊ ችግርን ቢፈታም ደንቡ በሰው ልክ ሊሰፋ ይችላል የሚል ግንዛቤ ሊፈጥር ይችላል።

አንቀጽ 73 የአመራር ምርጫን ያጠብባል የሚል አስተያየት ሊቀርብ ይችላል፤ ብቃት ያለው ሰው በመቀመጫ ምክንያት ሊታለፍ መቻሉም አይካድም። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ ጥብቅ የሆነው በጠቅላይ ሚኒስትሩ ላይ ነው። በአንቀጽ 74 መሠረት ሚኒስትሮች ከምክር ቤቶቹ ውጭም ሊሾሙ ይችላሉ፤ አቶ ለማም በሚያዝያ 2011 ዓ.ም የመከላከያ ሚኒስትር ለመሆን የፌዴራል መቀመጫ አላስፈለጋቸውም። የመንግሥቱ መሪ ግን አስቀድሞ በመራጭ ፊት የቆመና ለምክር ቤቱ ተጠሪ የሆነ ሰው እንዲሆን መፈለጉ ተገቢ ነው።

የመራጩም ድርሻ ሊዘነጋ አይገባም። ተወካዩ ወደ አስፈጻሚነት ኃላፊነት ሲሸጋገር የመረጠው ሕዝብ ጥያቄውን የሚያቀርብለት ሰው ሊርቀው ይችላል። አንቀጽ 54 መራጩ በተወካዩ ላይ አመኔታ ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል መደንገጉ መቀመጫው የሕዝብ እንጂ የግለሰብ ወይም የፓርቲ ንብረት አለመሆኑን ያሳያል።

ስለሆነም ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን ሲመድቡ ማን ለጨፌው፣ ማን ለፌዴራሉ ምክር ቤት እንደሚቀርብ የአምስት ዓመቱን የአመራር ፍላጎት አስቀድመው አይተው ሊወስኑ ይገባል። በየደረጃው ያሉ የመንግሥት ሠራተኞችና ኃላፊዎችም ሹመትን ከስም ሳይሆን ከሕጋዊ መሠረቱ አንጻር የመመልከት ልምድ ሊያዳብሩ ይገባል። ሰዎች ይለዋወጣሉ፤ መቀመጫውና መቀመጫውን የሚያስተዳድረው ሕግ ግን ከሰዎች በላይ ዘላቂ ሊሆኑ ይገባል።