ገንዘባችን ለሽቦ ወይስ ለሙዚቃ?

ሥልጣኔ ባመጣልን መሣሪያ ሁሉ መጠቀም የተገባ ነገር ነው። ከመሣሪያው ጋራ አብሮ የሚመጣውን ወሬ ሁሉ ሳይመረምሩ መቀበል ግን ለተማረ ሰው ነውር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶች ጥቃቅን መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ይኸውም ከአምፕሊፋየር ወደ ስፒከር የሚዘረጋው ሽቦ ምን ዓይነት ይሁን የሚለው ነው። ነገሩ ግን የሽቦ ብቻ አይደለም፤ የጋራ ኪሳችንና የአስተሳሰባችንም ነገር ነው።

ክርክሩን ያስነሣው ለሙዚቃ ክፍላችን የተዋጣው ገንዘብ ነው። አምፕሊፋየሩ አለ፤ ያገለገሉ ሁለት ስፒከሮች ሊገዙ ታስቧል። አንደኛው ወገን፥ ከተዋጣው ገንዘብ እኩሌታው ከውጭ አገር ለሚመጣ፥ ሐር በመሰለ ጨርቅ ለተሸፈነና ጫፉ በወርቅ ለተለበጠ ሽቦ ይዋል ይላል። ምክንያቱን ሲጠየቅም፥ ሽቦው ርካሽ ከሆነ ስፒከሩ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ዋጋ የለውም፤ ይህንንም ሻጩ አረጋግጦልናል፤ ውጭ አገር የኖረ ሰውም ነግሮናል ይላል። እኛ በዚህ አንስማማም። የማንስማማውም ገንዘብ ስለምንሳሳ ሳይሆን፥ የተባለው ነገር እውነት ስላልሆነ ነው።

በመጀመሪያ የሽቦው ሥራ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። የኢንጂነሪንግ ወዳጆቻችን አይሳቁብን እንጂ፥ ስሌቱ ለአርትስ ተማሪም የማይከብድ ነው። ጆርጅ ሲሞን ኦም የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1827 ሕጉን አሳትሞ እንዳስረዳው፥ ኤሌክትሪክ በሽቦ ሲያልፍ ሽቦው በጥቂቱም ቢሆን ያግደዋል። ይህ ዕንቅፋት ሬዚስታንስ ይባላል፤ የሚለካውም በሊቁ ስም በተሰየመው በኦም ነው። ሽቦው በረዘመ ቍጥር ዕንቅፋቱ ይበዛል፤ በወፈረ ቍጥር ያንሳል። ውፍረቱ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ በየሜትሩ 0.017 ኦም ያህል ዕንቅፋት አለው።

እንግዲህ ከአምፕሊፋየሩ እስከ ስፒከሩ 6 ሜትር ነው እንበል። ኤሌክትሪኩ ሄዶ የሚመለስ ስለ ሆነ 12 ሜትር ብለን እንቈጥራለን። ሽቦው ባለ 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ዕንቅፋቱ 0.41 ኦም ያህል ይሆናል፤ ባለ 1 ቢሆን 0.21፤ ባለ 2.5 ቢሆን 0.08 ያህል ነው። ማኪንቶሽ ላቦራቶሪ በተባለው የአሜሪካ አምፕሊፋየር ፋብሪካ የድምፅ ምርምር ኀላፊ የነበረው ሮጀር ራስል የሚመክረው ደንብ አለ፤ ይኸውም የሽቦው ዕንቅፋት ከስፒከሩ ኦም ከመቶ 5 እጅ አይብለጥ የሚል ነው። ስፒከሩ 8 ኦም ቢሆን ወሰኑ 0.4 ኦም፥ 4 ኦም ቢሆን ደግሞ 0.2 ኦም ነው ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ርቀት ባለ 0.5ቱ ሽቦ ወሰኑን ያልፋል፤ ባለ 1ዱ ለ8 ኦም ይበቃል፥ ለ4 ኦም ግን ለጥቂት ይጐድላል፤ ባለ 2.5ቱ ለሁለቱም ይተርፋል። ይህም ሽቦ በመርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች በሜትር እየተለካ የሚሸጥ ተራ ዕቃ ነው። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ልስልሱ ከደረቁ ይልቅ ለመዘርጋት ይመቻል።

ተከራካሪዎቻችን አንድ እውነት እንዳላቸው አንክድም። ቀጭን ሽቦ በረጅም ርቀት ሲዘረጋ ድምፁን በርግጥ ያበላሻል። በስፒከር ጀርባ የተጻፈው 8 ኦም ቋሚ ቍጥር አይደለም፤ እንደ ድምፁ ቅጥነትና ጐርናናነት ይለዋወጣል። ስለዚህ የሽቦው ዕንቅፋት ሲበዛ ድምፁ መቀነሱ ብቻ ሳይሆን ጠባዩም ይለወጣል። ይሁን እንጂ የዚህ በሽታ መድኀኒቱ የሽቦው ውፍረት ነው፤ የዋጋው ውድነት አይደለም። ባለ 2.5ቱ ሽቦ በተባለው ርቀት ከ8 ኦም ስፒከር ላይ የሚያስቀረው ከ0.1 ዴሲቤል ያነሰ ነው። ከዚያ ወዲያ ለሽቦ የሚጨመረው ገንዘብ፥ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው።

ስለ ወርቁም ጥቂት እንበል። ኤሌክትሪክ በማሳለፍ ከማዕድናት ሁሉ የሚቀድመው ብር ነው፤ የኪሱን ሳይሆን ማዕድኑን ማለታችን ነው። መዳብ በጥቂት ተበልጦ ይከተለዋል፤ ወርቅ ከሁለቱም በታች ነው። ወርቅ በጫፉ ላይ የሚለበጠው ስለማይዝግ ነው፤ ይህ ጥቅም መሆኑን አንክድም። ነገር ግን የመዳቡን ጫፍ በየጊዜው ጠርጎ አጥብቆ ማሰር ያንኑ ሥራ ይሠራል። ብርም ከመዳብ የሚበልጠው ከመቶ 6 እጅ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ መዳቡን በጥቂቱ ማወፈር ልዩነቱን ያጠፋዋል።

በእውነት መጠንቀቅ የሚገባን ከሌላ ነገር ነው። በገበያ ላይ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ በመዳብ የተለበጠ ሽቦ ይገኛል። የአሉሚኒየም ዕንቅፋት ከመዳብ 1.6 ጊዜ ያህል ስለሚበልጥ፥ በሽፋኑ ላይ የተጻፈው ውፍረት ሊያታልል ይችላል። ከመግዛት በፊት አንዱን ክር በምላጭ መፋቅ ነው፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መመለስ፥ እስከ ውስጡ ቀይ ከሆነ መግዛት። በስፒከሩም በአምፕሊፋየሩም ላይ ቀዩን ከቀዩ፥ ጥቁሩን ከጥቁሩ ጋራ ማሰር ያስፈልጋል። በአንደኛው ስፒከር ላይ ብቻ ቢገለበጥ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይቃረኑና ጐርናናው ድምፅ ይጠፋል። ይህን ስሕተት ወርቅም አያድነውም።

በውዶቹ ሽቦዎች ላይ ደግሞ ቀስት ተሥሎ፥ ሙዚቃው በዚህ አቅጣጫ ይፈስሳል ይባላል። የሙዚቃ ኤሌክትሪክ ግን እንደ ወንዝ ወደ አንድ ወገን የሚፈስስ አይደለም፤ በሴኮንድ ውስጥ ደጋግሞ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ነው። የግራውና የቀኙ ሽቦ ርዝመት በትክክል እኩል ካልሆነ ድምፁ ይዘገያል መባሉም እንዲሁ ነው። በ1 ሜትር ልዩነት የሚመጣው መዘግየት በሴኮንድ ቢሊዮንኛ የሚቈጠር ነው። አድማጩ ራሱን 1 ሚሊ ሜትር ዘንበል ቢያደርግ ከዚያ እጅግ የበለጠ መዘግየት ያመጣል።

ይህን ሁሉ ስንል፥ እኛ ግን በጆሯችን ሰምተናል የሚል መልስ ይመጣብናል። ሰምተናል የሚሉትን ሰዎች ውሸታሞች አንላቸውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚለው ተረት የተተረተው ለሐሜት ቢሆንም፥ ለዚህም ጉዳይ ይስማማል። ዋጋውን ያወቀ፥ ወርቁን ያየና ያማረ እንደሚሰማ አስቀድሞ የተነገረው ሰው ያማረ ይሰማዋል። ስለዚህ ፈተናው ዐይን ሳያይ መሆን አለበት። ሁለቱ ሽቦዎች በመጋረጃ ይሸፈኑ፤ የድምፁ ከፍታ በመሣሪያ ተለክቶ እኩል ይደረግ፤ ሳንቲም እየተጣለ በወጣው መሠረት አንደኛው ይታሰር፤ አድማጩም የትኛው እንደ ሆነ 16 ጊዜ ይናገር። በግምት ብቻ ከ16ቱ 12ና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድል ከመቶ 4 ያህል ነው። ስለዚህ 12 ያገኘ ሰው ቢያንስ ሊደመጥ የሚገባው ነው።

ጄምስ ራንዲ የተባለው በአሜሪካ ይኖር የነበረ ምትሐተኛ፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2007፥ ዋጋው 7,250 ዶላር የሆነውን የፒር አንጁ ሽቦ ከሌላ ተራ የገበያ ሽቦ ሳያይ በጆሮው ለሚለይ ሰው 1 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሰጥ አስታውቆ ነበር። ነገሩ ብዙ ካከራከረ በኋላ ፈተናው ሳይደረግ ቀረ። ያልተደረገ ፈተና ለማንም ወገን ማስረጃ አይሆንም። ሆኖም የማስረዳት ሸክም ያለበት ዕቃው ድንቅ ነው የሚለው ወገን መሆኑን ልብ ልንል ይገባል።

ታዲያ ገንዘቡ የት ይዋል? ድምፅን በእውነት የሚለውጠው በመጀመሪያ ስፒከሩ ራሱ፥ ቀጥሎም ክፍሉ ነው። ግድግዳው ባዶ፥ ወለሉ ጠጣር በሆነ ክፍል ድምፁ እየተመላለሰ ይደበላለቃል። ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ፥ ስፒከሩንም ከማዕዘን አውጥቶ በጆሮ ከፍታ ማስቀመጥ፥ ማንም የሚሰማውን ለውጥ ያመጣሉ። ከዚያ የተረፈው ለሸክላ መግዣና ለማጫወቻው መርፌ ይሁን። አምሐ እሸቴ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1969 ባቋቋመው በአምሐ ሬከርድስ የታተሙ ሸክላዎች ዛሬም በሰው እጅ ይገኛሉ። በሸክላው ላይ ያልተቀዳውን ድምፅ ሽቦ አይፈጥረውም፤ የተቀዳውን ግን መልካም መርፌ ያወጣዋል።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ ይህ ገንዘብ ከምሳ ተቀንሶ የተዋጣ ነው። ከውጭ አገር የመጣ ሁሉ ይበልጣል፥ የተወደደ ሁሉ ይሻላል የሚለውን አስተሳሰብ በክፍል ውስጥ እየነቀፍን፥ በገበያ ላይ ስንሰግድለት መታየታችን አያምርብንም። ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ አጭር ነው። ኮሚቴው ባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ ይግዛ፤ የቀረውን ለስፒከርና ለክፍሉ ያውል። ውዱን ሽቦ የሚደግፉት ወገኖች ከሻጩ ለአንድ ቀን በውሰት ያምጡት፤ መጋረጃውን የምንይዝ እኛ ነን። ከ16ቱ 12 ካገኙ ለሽቦው መግዣ በሚቀርበው ማመልከቻ ላይ ከሁሉ አስቀድመን እንፈርማለን።