ሐውልት ሠሪውና ሐውልት አሠሪው

ሐውልት የሚሠራ ሰው የገዢ ሎሌ ነው፤ ገዢው በወደቀ ጊዜ የእጁም ሥራ አብሮ ሊወድቅ ይገባዋል የሚል አሳብ በተማሩ ሰዎች ዘንድ እየተለመደ ሄዷል። ይህን የሚሉ ሰዎች ምሳሌ ቢፈልጉ ከአንቱን አውጉስቲንቺች የተሻለ በቀላሉ አያገኙም። ነገር ግን የዚህ ሰው ታሪክ እስከ ፍጻሜው የተነበበ እንደ ሆነ ለእነርሱ መመስከሩን ትቶ በእነርሱ ላይ ይመሰክራል።

አውጉስቲንቺች በ1900 በክሮኣሽያ ምድር ክላንየትስ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ (ዓ.ም. ያልተጨመረበት ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። በዛግሬብ በስመ ጥሩው ቀራፂ በኢቫን መሽትሮቪች እጅ ሠለጠነ፤ ቀጥሎም ፓሪስ ሄዶ ተማረ። ወደ አገሩ ሲመለስ የዩጎስላቪያ መንግሥት ገና አዲስ ነበረና በየአደባባዩ ራሱን በድንጋይና በነሐስ ለማሳየት ይሻ ነበር፤ ለእንዲህ ያለ ባለ ሙያ ሥራ የሚበዛበት ዘመን ነበረ። በ1937 በኒሽ ከተማ ለነጻ አውጪዎች ሐውልት አቆመ። በስኮፕዬም የንጉሥ ጴጥሮስንና የልጁን የንጉሥ እስክንድርን ምስል በፈረስ ላይ አድርጎ ሠራ። ፖላንዶችም ማርሻል ፒውሱድስኪን እንደዚሁ በፈረስ ላይ አድርጎ እንዲሠራላቸው አዘዙት። ጦርነቱ መጥቶ የነገሥታቱ መንግሥት በፈረሰ ጊዜ፣ በ1943 ከቲቶ አርበኞች ጋር ተሰልፎ የጉባኤያቸው ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደረሰ፤ በ1948 የሠራውም የቲቶ ሐውልት መሪው በተወለደባት በኩምሮቬትስ ቆመ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ለኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ሠራ።

ንጉሥ፣ ማርሻል፣ የኮሚኒስት መሪ፣ ንጉሠ ነገሥት! ነቃፊዎቹ ይህን በጣታቸው እየቈጠሩ፣ እነሆ ለሁሉ ያደረ እጅ ይላሉ። ቈጠራው እውነት ነው፤ ማስተባበልም አያስፈልግም። ነገር ግን የሙያውን ጠባይ ማወቅ ይገባል። ባለ ቅኔ ብራናና ቀለም ካገኘ፣ ያንንም ቢያጣ ቃሉን በልቡ ይዞ፣ ማንንም ሳይለምን ሥራውን ይፈጽማል። የነሐስ ቀራፂ ግን በመጀመሪያ በጭቃ ያበጃል፤ ጭቃውን በጀሶ ይገለብጣል፤ በጥንቱም ሥርዓት ሰም አልብሶ፣ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ካፈሰሰ በኋላ መዳብና ቆርቆሮ የተቀላቀለበትን ነሐስ በሰሙ ስፍራ ያስገባል። (የቅኔ መምህራን ሰምና ወርቅ የሚሉት ስም ከዚሁ ከአንጥረኛው ቤት የተወሰደ ነው።) ይህ ሁሉ ብዙ ኩንታል ብረት፣ ማቅለጫ ቤት፣ ብዙ ሠራተኛ፣ በመጨረሻም አንድ ሙሉ አደባባይ ይጠይቃል። አደባባይ ደግሞ የሚሰጥ መንግሥት ብቻ ነው። እንግዲህ ለገዢ ያልሠራ የአደባባይ ቀራፂ ፈልጎ ማግኘት ውኃ ሳይነካ የዋኘ ሰው ፈልጎ እንደ ማግኘት ነው። በሐውልት ነገር አሠሪው እንደ ሰሙ ነው፤ ያለ እርሱ ቅርጹ አይገኝም፤ እርሱ ግን ቀልጦ ይወጣል።

አሠሪው ቀልጦ ከወጣ በኋላ የሆነው ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ነቃፊዎቹ አይመለከቱም። የስኮፕዬ ነገሥታት ከተማዪቱ በ1941 በጠላት እጅ በወደቀች ጊዜ ፈረሱ። የኩምሮቬትሱን ቲቶ በ2004 አንድ ሌሊት በፈንጂ መትተው ራሱን ጣሉት፤ ነገር ግን ተጠግኖ ተመለሰ። የፒውሱድስኪ ነገር ደግሞ ከሁሉ የሚደንቅ ነው። ሐውልቱ እንዳይተከል ጦርነት ከለከለው፤ ከጦርነቱም በኋላ ፖላንድን የያዘው መንግሥት የዚያን ማርሻል ስም የሚወድ አልነበረም፤ ስለዚህ ነሐሱ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ባለቤት እንዳጣ ዕቃ ተቀመጠ። በ1993 ግን የካቶቪትሰ ሰዎች በከተማቸው አቆሙት። ያዘዘው መንግሥት ጠፍቶ፣ የጠላው መንግሥት ጠፍቶ፣ ቀራፂውም በ1979 ሞቶ፣ ሥራው ግን ወደ ታሰበለት ሕዝብ ደረሰ። ሐውልት ከአሠሪው ጋር አብሮ ይሞታል የሚለው አሳብ ለዚህ ምን መልስ አለው?

ከካቶቪትሰ ይልቅ ለአዲስ አበባ ሰው የሚቀርበው ምስክር በስድስት ኪሎ ቆሟል። አውጉስቲንቺች ከጓደኛው ከፍራኖ ክርሺኒች ጋር የሠራው የሰማዕታት ሐውልት በ1955 ተመረቀ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ፋሺስቶች ሦስት ቀን ሙሉ የጨፈጨፉት ሕዝብ መታሰቢያ ነው፤ የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቍጥር 30,000 ብሎ አስታውቋል። ቁመቱ 28 ሜትር የሆነው ሐውልት በአክሱም አምሳል ሽቅብ የወጣ ሲሆን፣ በነሐስ የተቀረጹት ምስሎች ግድያውንና ልቅሶውን ያሳያሉ። ወደ ላይ የሚያይ ሰው ድንጋዩን ብቻ ያያል፤ ቀረብ ብሎ የቆመ ግን ከወደቁት ሬሳዎች ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። አሁንም አሠሪዎቹ የት እንዳሉ ይጠየቅ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1974 ከዙፋን ወረዱ፤ ያወረዳቸውም መንግሥት በ1991 ፈረሰ፤ ዩጎስላቪያ የምትባል አገር ራስዋ ከካርታ ጠፋች። ሐውልቱ ግን ቆሟል፤ በየዓመቱም የካቲት 12 ቀን ሰው አበባ ይዞ ይመጣበታል። አበባ የሚያኖረው ሰው ስለ ቲቶም ስለ ቤተ መንግሥትም አያስብም፤ አያቱን ያስባል።

ከካህናትም ወገን ሌላ ተቃውሞ ይሰማል፤ ይኸውም በቤተ ክርስቲያን ልማድ የተሣለ ሥዕል እንጂ የቆመ ምስል የለም፣ የነሐስ ሰው ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር ነው የሚል ነው። ስለ ቅድስት ቤት የተባለው እውነት ነው። አደባባይ ግን ቅድስት አይደለም፤ በዚያ የሚቆመውም ለስግደት ሳይሆን ለመታሰቢያ ነው፤ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በአዲስ አበባ ሲቆምም ይህ ልዩነት ለሁሉ ግልጽ ነበረ። በዚህ ነገር ይልቅስ የሚያሳፍረው ሌላ ነው። የላሊበላን ቤተ መቅደሶች ከአለት የፈለፈሉት ሰዎች ስም አልተጻፈም፤ ዳግማዊ ምኒልክ በዐዋጅ እስኪከለክሉ ድረስ ቀጥቃጭና ሸማኔ መሰደቢያ ነበሩ። ዛሬም በስድስት ኪሎ ከሚያልፉት ተማሪዎች የአውጉስቲንቺችንና የክርሺኒችን ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው። ሠሪውን ሳያውቁ ሎሌ ነው ብሎ መፍረድ ግን ይቀላል።

ይህ ፍርድ በወረቀት ላይ ብቻ ቢቀር ባልከፋ ነበር። ነገር ግን ሐረር ላይ በሥራ ተገለጠ። አውጉስቲንቺች የሠራው የልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ላይ ሐውልት ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለበት ሰሞን፣ በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም.፣ በተነሣው ሁከት ተገርስሶ ወደቀ። ለአንዱ ራስ መኰንን የዐድዋ ጀግና ናቸው፤ ለሌላው ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በሐረር የተሾሙ የድል አድራጊው ጦር አለቃ ናቸው። ሁለቱም የሚናገረው የሆነውን ነው። ቅር ያለው ሰው ለጉባኤ ቢያቀርብ፣ ጉባኤውም ሐውልቱ ከአደባባይ ተነሥቶ ወደ ሙዚየም ይግባ ብሎ ቢወስን፣ ይህ ፍርድ በተባለ ነበር። በሁከት መካከል ነሐስን ጎትቶ መጣል ግን ማንን አስረዳ? የተበደለውስ በዚያ ምን ካሣ አገኘ? በስኮፕዬ በ1941 የሆነው ሥራ ደግሞ ከመታየቱ በቀር ምንም አልተገኘበትም።

ሐውልትን በሥርዓት ማንሣት አይቻልም የሚል ካለ ወደ አቡነ ጴጥሮስ አደባባይ ይሂድ። በ2005 ዓ.ም. የባቡር መንገድ ሲሠራ ያ ሐውልት ከስፍራው ተነሥቶ ሲጠበቅ ቆየ፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመለሰ። ይህን ማድረግ የቻለች አገር የራስ መኰንንንም ፈረስ እንዲሁ በጥንቃቄ አውርዳ፣ በአንድ አዳራሽ ውስጥ አቁማ፣ የጨለንቆንም የዐድዋንም ታሪክ በአጠገቡ መጻፍ ትችል ነበር።