የንግድ መዝገብ ከአሮጌው ኮምፒዩተር ወደ አዲሱ ሲዛወር

ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ያስገድድ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣውም ሕግ ይህን ግዴታ አልተወም። ልዩነቱ ቀድሞ ተጠርዞ በካዝና ይቆለፍ የነበረው መዝገብ ዛሬ በኮምፒዩተር ውስጥ መቀመጡ ነው። ከኮልፌ አጠና ተራ እስከ አየር ጤና ባሉት መደብሮች የደንበኛው ዕዳ፣ የአቅራቢው ፋክቱርና የዲክላራሲዮኑ ቅጂ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ የሚገኙበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የአስመጪና የላኪ ሰነድም በ2012 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የኤሌክትሮኒክ ነጠላ መስኮት በኩል የሚቀርብ ስለ ሆነ፣ ይህ ልማድ የሚጠነክር እንጂ የሚቀንስ አይደለም።

እንግዲህ ይህ ኮምፒዩተር ያረጀ ወይም የተሰበረ እንደ ሆነ፣ ብዙው ሰው ዕቃውን ለጠጋኝ አስረክቦ ወደ ሥራው ይመለሳል። ጠጋኙም ሰነዱን አስቀድሞ ወደ ራሱ ኮምፒዩተር፣ ከዚያም ወደ አዲሱ ይገለብጣል። ሥራው በቅንነት ቢሠራ እንኳ የነጋዴው የዋጋና የደንበኛ ምስጢር በሰው ቤት ሊቀር ይችላል። የካዝናውን ቁልፍ ለመንገደኛ የማይሰጥ ነጋዴ ይህን እንዴት ዝም ብሎ ያልፈዋል?

አሮጌውን ኮምፒዩተር በገመድ አገናኝቶ ለአዲሱ እንደ ውጭ ዲስክ እንዲያገለግል ማድረግ ይቻላል። አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይህን ዘዴ በ1991 እ.ኤ.አ. ፓወርቡክ 100 በተባለው ኮምፒዩተር ጀምሮታል። ኢንቴል ባለባቸው የማክ ኮምፒዩተሮች፣ ሲከፈቱ የ«ቲ» ፊደል ተጭኖ ቢቆይ ዲስኩ በሌላው ማክ ላይ ይታያል፤ መስተዋቱ የተሰበረ ቢሆንም ይሠራል። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወጡት ደግሞ ዲስክ ማጋራት የሚል ምርጫ አለ።

በመደብሮቻችን የሚበዛው ግን ዊንዶውስ ነው፤ በዚህም ነገሩ ይለያል። ሁለት የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮችን ተራ በሆነ፣ ሁለቱም ጫፉ አንድ ዓይነት በሆነ የዩኤስቢ ገመድ ማያያዝ አይገባም፤ ሁለቱም ኤሌክትሪክ ስለሚልኩ ሊቃጠሉ ይችላሉ። (ርካሽ ገመድ ገዝቶ ውድ ዕቃ ማቃጠል በነጋዴ አያምርም።) የሚሻለው በኔትወርክ ገመድ አገናኝቶ የሰነዱን ፎልደር ለንባብ ብቻ መክፈት ነው። አሮጌው ጭራሽ የማይነሣ ከሆነ፣ ዲስኩ ተፈትቶ በዩኤስቢ ማቀፊያ ይገባና እንደ ፍላሽ ይነበባል።

ዲስኩ ሲገናኝ አዲሱ ኮምፒዩተር «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ምን ጊዜም አይሆንም ነው፤ አንድ ጊዜ እሺ ማለት የዓመታትን ሒሳብ ሊያጠፋ ይችላል። በአዳዲሶቹ የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ዲስኩ ቢትሎከር በሚባል መቆለፊያ የተዘጋ ሊሆን ስለሚችል፣ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ዕቃው ሳይበላሽ በፊት በወረቀት ተጽፎ በካዝና መቀመጥ አለበት።

ይህ ሁሉ ጠጋኞችን ለማማት አይደለም፤ ብዙዎቹ የታመኑ ባለሙያዎች ናቸው። ነገር ግን ሥራው በመደብሩ ውስጥ፣ ባለቤቱ ወይም ጸሐፊው ባለበት ይሠራ ዘንድ መጠየቅ መብት ነው። ለመምጣቱ ተጨማሪ ዋጋ ቢጠይቅ ሊከፈለው ይገባል፤ አሮጌውም ዲስክ በአዲሱ ላይ ያለው ሒሳብ አንድ በአንድ እስኪመረመር ድረስ አይሸጥም፣ አይሰጥም።